ጋሽ ተፈራና ስድስት ሰዓት የሚፈጀው ሰርግ

ጋሽ ተፈራ በተቀበሩ ቀን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ከነጠላው ይልቅ ስልኩ ይበዛ ነበር። ሁሉም ካሜራማን ሆኗል። ጸሎቱ ይቀረጻል፣ አፈሩ ሲመለስ ይቀረጻል፣ አንዲት ሴትዮ ደግሞ በአንድ እጇ እንባዋን እየጠረገች በሌላው እጇ የራሷን ለቅሶ ትቀርጻለች። ያውም ሁሉም ስልኩን በቁመቱ ይዞ! ጋሽ ተፈራ ስልክ በቁመቱ ይዞ የሚቀርጽ ሰው ሲያዩ ጠጋ ብለው፣ «ሰው ቁመት ብቻ ነው እንዴ? ጎረቤት የለውም?» ይሉት ነበር። ስልክ ሲቆም ግራና ቀኝ ያለው ሰው ይወጣላ። ለእሳቸው ከዚህ የባሰ ኃጢአት አልነበረም። «አጋድሙት!» ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝ፤ ቀብር ላይ እንዲህ ያለ ነገር እንደማይጮህ ትዝ ብሎኝ ዋጥኩት።

ሸዋ በር፣ ከሚኒባሶቹ መቆሚያ ፊት ለፊት፣ አንዲት ጠባብ ቪዲዮ ቤት ነበረቻቸው። ሐረር ውስጥ ክርስቲያን ሆኖ በእሳቸው ካሜራ ፊት ሳያልፍ የተጋባ ሰው ካለ ትዳሩ አጠራጣሪ ነው። ሙያውን ማንም አላስተማራቸውም፤ ካሜራ እንደ ጆንያ በትከሻ በሚሸከሙበት ዘመን ጀምረው ካሜራው እያነሰ እሳቸው እያረጁ ሄዱ። ክረምት ከበጋ የማትወልቅ ባለ ብዙ ኪስ ጃኬት ነበረቻቸው፤ አንዱ ኪስ ውስጥ ባትሪ፣ ሌላው ውስጥ የሌንስ መጥረጊያ፣ የቀሩት ውስጥ ሁሉ የባቢሌ ኦቾሎኒ። እኔ ረዳታቸው ነበርኩ፤ ባትሪ አምጪ ሲሉኝ መጀመሪያ የማገኘው ኦቾሎኒ ነበር።

ሐረርና ድሬ አንቱታ አያውቁም ይላል የመሃል አገር ሰው። እውነቱን ነው፣ እኛ አገር አንተ የማይባል የለም። ጋሽ ተፈራን ግን አንተ ያላቸው ሰው አላጋጠመኝም። ሰው አክብሯቸው እንዳይመስላችሁ። ቪዲዮው ላይ የት እንደሚያስገቡት ስለማያውቅ ነው።

የጋሽ ተፈራ ሰርግ ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ሰርጉ ሳይሆን ቪዲዮው ነው ስድስት ሰዓት! የእንግዳው መግባት ብቻውን ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። እያንዳንዱ ሰው ከድንኳኑ በር ጀምሮ ወንበሩ ላይ እስኪቀመጥ ይከተሉታል። የቆመ ሰው ካለ እስኪቀመጥ ይጠብቁታል። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ቦታ አጥተው ሲዞሩ አራት ደቂቃ ሙሉ ተከትለዋቸዋል፤ አሁንም ቪዲዮው ላይ ይዞራሉ።

«ጋሽ ተፈራ፣ ይሄን ቆርጠን ብናወጣውስ?» አልኳቸው ሥራ የጀመርኩ ሰሞን።

«ማንን?»

«ሰውየውን። ምንም አይሠሩም እኮ፤ ዝም ብለው ይዞራሉ።»

«ሰርግ ተጠርተው የመጡ ሰው ናቸው። ከሰርጉ ላስወጣቸው?» አሉና ኦቾሎኒ ወረወሩልኝ። «ስሚ አንቺ ጥድፊያ። ሰው የሰርግ ቪዲዮ የሚያየው ሙሽራዋን ሊያይ መሰለሽ? ራሱን ሊፈልግ ነው። ራሱን ካጣ ሰርጉ አልተካሄደም። ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ የሚፈለገው የሞተው ነው።»

ጥድፊያ ብለው ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው። አልተቀየምኩም፤ ልክ ነበሩ።

ያን ጊዜ ሐረር አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ ፋርማሲ ሁለተኛ ዓመት ነበርኩ። ቅዳሜና እሁድ እሳቸው ጋ እሠራለሁ፤ ሰኞ ክፍል ገብቼ ስለ ጨጓራ መድኃኒት እየሰማሁ እንቅልፌን እለጥጣለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ሰው እንዲድን ያለኝ ፍላጎት መጠነኛ ነው። እኔ የምፈልገው ፊልም ነበር። አዲስ አበባ ፊልም የሚያስተምር ኮሌጅ እንዳለ ሰማሁ፤ ከሌላ ኮሌጅ የሚዛወርም ይቀበላል። የራስን አምስት ደቂቃ ፊልም እስከ ወሩ መጨረሻ መላክ ነው። ለእናቴ ነገርኳት።

«ፊልም ያዩታል እንጂ ይማሩታል እንዴ?» አለች።

«ይማሩታል።»

«ሐረር ላይ ማን ፊልም ሠርቶ አለፈለት?»

«ለዚህ እኮ ነው አዲስ አበባ የምሄደው!»

«አቦ አታድርቂኝ! አንድ ዓመት ነው የቀረሽ። አንድ! ጨርሺና ነጭ ጋዋንሽን ልበሺ። ከዚያ ካማረሽ በጋዋንሽ ፊልም ሥሪ።»

ያባሰባት ደግሞ የአዲስ አበባው ኮሌጅ ስለ ትምህርቴ የጻፈልኝ መልስ ነው። ሁለት ዓመት ከተማርኩት ውስጥ የሚያዝልኝ ሥነ ዜጋና እንግሊዝኛ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ያ ሁሉ የመድኃኒት ስም ቀልጦ ቀረ። ከሁለት ዓመት ድካም የተረፈኝ ዜግነቴ ነበር። የእኛ ኮሌጅ ሬጅስትራርም ማመልከቻዬን ገልብጠው አዩትና፣ «ሰው ከፋርማሲ ወደ ነርሲንግ ይዛወራል፤ ይገባኛል። ፊልም በየት በኩል ነው?» አሉኝ።

ልሂድ ወይስ ልቅር? ጋሽ ተፈራን ጠየቅኳቸው። በዚህ ምድር ላይ ስለ ካሜራ የሚያውቅ ሌላ ሰው አላውቅማ።

«እኔ ሰርግ ነው የምቀርጸው» አሉ። «ማን ማንን ያግባ ብዬ አላውቅም።»

ሦስት ጊዜ ጠየቅኳቸው። ሦስት ጊዜ ይህንኑ መለሱልኝ።

እንዲህ እንዳለን ሊያ የምትባል ሙሽራ ሰርግ ደረሰ። የወንድ ወገን አንድ ቦታ፣ የሴት ወገን ሌላ ቦታ፣ ካሜራ ሁለት። ጋሽ ተፈራ የሙሽራውን ወገን ያዙ፤ የሊያን ወገን ለመጀመሪያ ጊዜ ለእኔ ለብቻዬ ሰጡኝ። ከመሄዴ በፊት ግን ሁልጊዜ የሚሉትን አሉኝ፤ «መጀመሪያ ድንኳኑ ጀርባ። የድንኳኑን ፊት ሁሉም ያየዋል።» የድንኳኑ ጀርባ ማለት ሴቶቹ ወጥ የሚሠሩበት ነው። ጋሽ ተፈራ ከሙሽራዋ በፊት ሽንኩርት የሚከትፉትን ነው የሚቀርጹት። ይህ ሕጋቸው ነው።

እኔ ድንኳኑ ጀርባ አልሄድኩም።

ምን ላድርግ፣ ጭስ ነው፣ ሽንኩርት ነው፣ ጀሪካን ነው። እዚህ በኩል ደግሞ በቬሎዋ ውስጥ የሚያልፍ ብርሃን አለ! የሙሽራዋ ሽፋሽፍት አለ! ጠረጴዛ ላይ የቀዘቀዘ ለስላሳ ቆሞ ጠርሙሱ ሲያልበው፣ ጠብታዋ ቀስ ብላ ስትወርድ፣ አንድ ሩብ ሰዓት ተንበርክኬ ቀረጽኳት። አዲስ አበባ የሚላከው ፊልሜ ይኸው ነው አልኩ በልቤ። ከዚያም ራሴ ኤዲት አደረግኩት። የሴት ወገን ሦስት ሰዓት መሆን ነበረበት፤ አርባ ደቂቃ አወጣሁት። ግማሹ ስሎ ሞሽን።

ጋሽ ተፈራ ከፊቴ ቁጭ ብለው እስከ መጨረሻው አዩት። ኦቾሎኒ እንኳ አልቆረጠሙም።

«ቆንጆ ነው» አሉ። «ማን ነው ያገባው?»

ቀልድ መሰለኝና ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ግን «ቀይሪው» አላሉኝም። ለምን እንዳላሉኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ፍላሹን ነቀሉና፣ «ያንቺ ሥራ ነው፤ አንቺ አድርሺ» ብለው ሰጡኝ።

አደረስኩ። እኛ አገር የሰርግ ቪዲዮ ለብቻ አይታይም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ትልቁ ቴሌቪዥን ይጎተታል፣ ምግብ ይቀርባል፣ ከዚያ ምርመራ ይጀመራል፤ ማን አለ፣ ማን የለም፣ ማን ከማን በፊት ታየ። እኔም ጭብጨባዬን ልቀበል በሩ አጠገብ ቆሜአለሁ። አርባ ደቂቃው አለቀ።

«ቀጥይዋ» አሉ የሊያ አጎት። «ክፍል ሁለቱስ?»

«አለቀ እኮ።»

«ምኑ?»

ያን ጊዜ እትዬ አስካለ ከተቀመጡበት ተነሡ። የሊያ አክስት ናቸው፤ እናቷ ስትሞት ከሁለት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። የሰርጉን ቀን ከንጋት እስከ ምሽት ድንኳኑ ጀርባ ነበሩ። ነጠላቸውን አጣፉ፣ «እንኳን ደስ ያላችሁ» አሉ፣ ወጡ። ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሽማግሌ ቪዲዮ ቤት መጣ። ትዳር ፈረሰ ተብሎ ሽማግሌ ሲላክ ሰምቻለሁ፤ በቪዲዮ ሲላክ የመጀመሪያዬ ነው። አንደኛው የሊያ አጎት፣ ሁለተኛው የእድር ሰብሳቢ፣ ሦስተኛው ጀጎል ውስጥ የእትዬ አስካለ ግድግዳ ተጋሪ ጎረቤት ሐጂ ዩሱፍ። ሁለቱ ወንበር ላይ፣ ሐጂ የካሜራው ሣጥን ላይ ተቀመጡ። እኔ በቁሜ ቀረሁ።

«ወላሂ ተፈራ» አሉ ሐጂ፣ አንተ ባይሏቸውም ዕድሜ አቻቸው ስለሆኑ በስማቸው ይጠሯቸዋል፣ «የጠርሙሱን ላብ አራት ጊዜ አየሁት። አስካለን አንዴ አላየኋትም። ጠርሙሱ ነው እንዴ ልጅቷን ያሳደጋት?»

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። «ጥፋቱ የእኔ...» ልል አፌን ስከፍት ጋሽ ተፈራ ቀደሙኝ።

«የቪዲዮ ቤቱ ጥፋት ነው። አስካለን ሰርጉ ገና አላለቀም በሏት። እሁድ እንጨርሰዋለን።»

«ሙሽሮቹ እኮ ሄደዋል!» አሉ አጎትየው።

«ሙሽሮቹማ ተቀርጸዋል።»

እሁድ ካሜራውን ተሸክመን በጀጎል ቀጫጭን መንገዶች አቋርጠን እትዬ አስካለ ግቢ ደረስን። ጋሽ ተፈራ ከአንድ ነጋዴ ሸራ ተውሰው ነበር፤ ከእትዬ አስካለ ቤት እስከ ሐጂ ግድግዳ ወጥረው የድንኳን ጀርባ አስመሰሉት። በሰርጉ ቀን አብረው ያበሰሉት ሴቶች የዚያን ቀን ልብሳቸውን ለብሰው እንዲመጡ ተነገራቸው፤ አንዷ ቀሚሷን አጥባው ስላልደረቀ እርጥቡን ለብሳ መጣች። እትዬ አስካለ ለሰርጉ ያሰፉትን ቀሚስ ለበሱ፤ ጠርዙ ላይ የዚያን ቀን የወጥ ነጠብጣብ አለ።

«በግራ በኩል ቅረጪኝ» አሉኝ። «በቀኝ በኩል ጥርሴ የለም።»

«እሺ እትዬ።»

«ጠርሙስ አላስቀመጥኩልሽም። ይበቃሻል?»

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። ዋጥኩት፤ ይገባኛል።

ባዶ ድስት ጥደው ማማሰል ሲጀምሩ ጋሽ ተፈራ እጃቸውን አነሡ። «የሌለ ወጥ አይማሰልም። ካሜራ ያውቃል» አሉ። ሽንኩርት ተገዛ፣ ተከተፈ፣ እሳት ነደደ። ሸራው ስር እውነተኛ ጭስ ሞላ። እትዬ አስካለ መጀመሪያ ካሜራውን በዓይናቸው ጥግ እያዩ ነበር የሚያማስሉት። ሽንኩርቱ ቀላ ሲል ግን ረሱን።

«ሊያ ትንሽ እያለች» አሉ ለማንም ሳይሆን፣ «ሽንኩርት ስከትፍ ከእኔ በፊት እሷ ታለቅስ ነበር። ሂጂ ውጪ እላታለሁ፣ አትወጣም። ቀሚሴን ይዛ ነው...» ማማሰያው ቆመ። እጃቸው ድስቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ልጅቷ ከሄደች ገና ሳምንቷ ነበር፤ ቤቱ ባዶ መሆኑን ያን ጊዜ የሰሙት ይመስለኛል። አለቀሱ፤ ያለ ድምፅ፣ ፊታቸውን ሳይሸፍኑ።

ጋሽ ተፈራ በእጃቸው «በቃ» የሚል ምልክት ሰጡኝ።

አላቆምኩም።

እንደገና ምልክት አልሰጡኝም። አንድ ደቂቃ ይሆናል፤ ከዚያ እትዬ አስካለ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጠራርገው፣ «ወጡ አረረ! ምን ታፈጣላችሁ?» ብለው ሴቶቹን ተቆጡ። ወጡ ተሠርቶ አለቀ፣ ተበላ፣ ተጨፈረ፣ ሐጂም ከግድግዳው በላይ ብቅ ብለው አጨበጨቡ። ጋሽ ተፈራ ካሜራውን ከእኔ ተቀብለው ሐጂን ሲያጨበጭቡ ቀረጿቸው።

ስንመለስ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነበርን። ሳይዞሩ፣ «ለቅሶዋ ሰርጉ ላይ አይገባም» አሉኝ።

«አውቃለሁ።»

«ለሰርግ ነው የለበሰችው። ላንቺ ትምህርት ቤት አይደለም።»

ደነገጥኩ። በዚያ ቀን ስለ ኮሌጁ አንድ ቃል ሳልተነፍስ ሐሳቤን በጀርባቸው አይተውታል፤ ያውም ከፊቴ እየሄዱ። አዎ፣ አሰብኩት። ያች አንድ ደቂቃ እስከዚያ ቀን ከቀረጽኩት ሁሉ ትበልጥ ነበር፤ ጠርሙሱ አጠገቧ የማስታወቂያ ውሃ ነው።

«ታዲያ ላጥፋው?»

«አላልኩም።»

«ልላከው?»

«እኔ ሰርግ ነው...»

«የምቀርጸው፤ ሰማሁ ጋሼ!»

ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ብቻዬን እትዬ አስካለ ቤት ሄድኩ። ከደጁ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። ያችን ደቂቃ ስልኬ ላይ አሳየኋቸው። አዩትና እንደገና እንዳሳያቸው ጠየቁኝ።

«ይሄን ማን ያየዋል?»

«አስተማሪዎች። አዲስ አበባ።»

«አያውቁኝም።»

«አያውቁዎትም።»

«ጥርሴ አልታየም። ግን ለቅሶ ብቻ ከላክሽ አሟርታ ዳረች ይሉኛል። ጭፈራውንም ጨምሪ።»

«አምስት ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈቀደው እኮ፣ እትዬ።»

«ታዲያ ከማንም ሰው አትቁረጪ፤ ከእኔ ቁረጪና የሌሎቹን አስገቢ።»

የላክሁት ፊልም አንድ ደቂቃ ለቅሶ፣ አራት ደቂቃ እርጥብ ቀሚስ የለበሰች ሴት ያለችበት ጭፈራ ነው። ስሎ ሞሽን የለውም። በሁለት ሳምንቱ ተቀብለንሻል የሚል መልስ መጣ፤ የሠራሽበት ቦታ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ይዘሽ ቅረቢ ይላል።

አያችሁ፣ ሲቀበሉኝ ነው የፈራሁት። እናቴ ሦስት ቀን አላናገረችኝም፤ በአራተኛው ቀን ከፋርማሲ ተመርቃ የተቀጠረች የጎረቤት ልጅ ጠርታ ፊቴ አስቀመጠቻት። ልጅቷ ጋዋኗን ለብሳ ብቻ ተቀመጠች። አንድ ዓመት ነው የቀረኝ። ባልችልስ? ዕድለኛ ሆኜ አንዲት ሴትዮ ስታለቅስ አጠገቧ ስለቆምኩ ብቻ ቢሆንስ? ጋሽ ተፈራን ደብዳቤውን ስጠይቃቸው፣ በዚያው ሂጂ ወይም አትሂጂ ይሉኛል ብዬ ነበር። በእጃቸው ጻፉት፣ ማኅተም መቱበት፣ ፖስታውን በካሜራ ገመድ ማሰሪያው ፕላስተር አሸጉት።

«አትክፈቺው» አሉ።

«እሺ» አልኩ። አስፋልቱን ሳልሻገር ከፈትኩት።

እንዲህ ይላል፤ «ለሚመለከተው ሁሉ። ይህች ልጅ እኔ ዘንድ ሠርታለች። ትቸኩላለች። የታዘዘችውን ትታ ያማራትን ትቀርጻለች። አንድ ቀን ሰው ሲያለቅስ አቁሚ ብያት አላቆመችም። እኔ በሥራ ዘመኔ ሁሉ ሰው ሲያለቅስ ካሜራዬን ዞር አድርጌአለሁ፤ ልክ ነኝ ብዬም ኖሬአለሁ። የዚህችን ግን ቤቴ ወስጄ ሦስት ጊዜ አየሁት። ያደረገችው ጥፋት ይሁን ሙያ እኔ አላውቅም። እናንተ የተማራችሁ ስለሆናችሁ ታውቃላችሁ ብዬ ልኬአታለሁ። የማታውቁ ከሆነ መልሱልኝ።»

የሚኒባሶቹ ረዳቶች ከግራም ከቀኝም ይጮሃሉ፤ አንዱ እጄን ይዞ ሊያሳፍረኝ ይጎትተኛል። እኔ እንደ ጅል ቆሜ እንደገና አነበብኩት። ከዚያ ተመልሼ ቪዲዮ ቤት ገባሁ። ጋሽ ተፈራ ቀና ብለው የተቀደደውን ፖስታ አዩ።

«ከፈትሽው?»

«ከፈትኩት።»

«ታዲያ?»

«እሄዳለሁ።»

መሳቢያቸውን ሳቡ። «እንኪ፣ ሌላ ፖስታ። የተቀደደ ይዘሽ አትሂጂ፤ አሳዳጊ የበደላት ይሉሻል።»

አዲስ አበባ ስደርስ ደብዳቤውን የተቀበለችኝ ሴት ማኅተሙ ክብ መሆኑን አየች፣ ሳታነብ ፋይሌ ውስጥ ከተተችው። ይኸው ሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ ለጋሽ ተፈራ ቀብር ሐረር ደርሼ ተመለስኩ። ለሃያ ተማሪ አንድ ካሜራ አለን፤ ተራችን እስኪደርስ ስለ ፊልም እንጽፋለን። የጋሽ ተፈራን ጥያቄ ግን አልተውኩም። ሰው ሲያለቅስ ካሜራው ይቆማል ወይስ አይቆምም ብዬ መምህራኖቼን አንድ በአንድ ጠይቄአለሁ። አንዱ እንደ ብርሃኑ ሁኔታ ነው አለኝ። ሌላዋ ጥሩ ጥያቄ ነው ብላ ለክፍሉ የቤት ሥራ አደረገችው። ሦስተኛው አንድ ሰዓት ሙሉ መለሰልኝ፤ ስወጣ ምን እንዳለ አላስታውስም።

አያውቁም። በደብዳቤው መሠረት መልሰው ሊልኩኝ ይገባ ነበር። አሁን ለማን ይመልሱኛል?